በብርሃን ስለሚሠሩ የመለኪያ መሣሪያዎችና ስለ ማመሳከራቸው

ንግድ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሻጭና የገዢ ስምምነት ሲሆን፥ ሁለተኛው ስምምነቱ የተመሠረተበት ልክ ነው። ሁለት ሰዎች በዋጋ ተስማምተው የአንደኛው ኪሎ ከሌላው ኪሎ፥ የአንደኛው ክንድ ከሌላው ክንድ ቢለይ፥ ስምምነታቸው በቃል ቀረ እንጂ ዕቃው ላይ አልደረሰም። ስለዚህም ከጥንት ጀምሮ ልኩን ያላወቀ ነጋዴ ትርፉንም ሆነ ኪሳራውን ማወቅ አልቻለም።

በዛሬው ዘመን ከሚዛንና ከሜትር በቀር ሌሎች ብዙ መለኪያዎች ወደ ነጋዴው እጅ ገብተዋል። ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚሠሩት በብርሃን ነው። የማርን እርጥበት የሚያሳየው ሪፍራክቶሜትር፥ የእህልን እርጥበት በጥቂት ሰኮንድ የሚናገረው የኢንፍራሬድ መሣሪያ፥ ቀለሙ የተበላሸውን ፍሬ ከደኅናው የሚለየው ከለር ሶርተር፥ ርቀትን የሚለካው ሌዘር፥ ሳይነካ ሙቀትን የሚያነበው ቴርሞሜትር፥ ሁሉም የብርሃን መሣሪያዎች ናቸው። ቁጥራቸው በፍጥነትና በግልጽ ስለሚታይ ብዙ ሰው ሳይጠራጠር ይቀበላቸዋል። ነገር ግን ቁጥር በመስታወት ላይ በርቶ ስለ ታየ ብቻ እውነት አይሆንም። የዚህ ትምህርት ዓላማ እነዚህ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚለኩ፥ በምን ምክንያት እንደሚሳሳቱና ነጋዴው እንዴት ሊመረምራቸው እንደሚችል ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1ኛ፤ የዓይን ምርመራ በአሊዩ አምባ ገበያ

ነገሩን ከአገር ቤት ምሳሌ መጀመር ይሻላል። ከአንኮበር ደጋ ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ የሚገኘው አሊዩ አምባ፥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መንግሥት ትልቅ የገበያ በር ነበረ። ከታጁራና ከሐረር በኩል የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ግመላቸውን አሳርፈው የሚገበያዩት በዚያ ነው። በ1841 ከብሪታንያ ተልኮ የመጣው ካፒቴን ኮርንዎሊስ ሃሪስ በዚሁ መንገድ ወደ አንኮበር ወጥቶ፥ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውሏል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተንም በ1842 በአሊዩ አምባ ተቀምጦ ያየውን በመጽሐፍ ጽፎ በ1844 በለንደን አሳትሟል።

በዚያ ዘመን በሸዋ ገበያ መገበያያ ሆነው ከሚያገለግሉት ዋናዎቹ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበሩ። አሞሌ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይሸረፋል፥ በዝናም ጊዜ ይሟሟል፤ ስለዚህ ዋጋው በመልኩና በመጠኑ ይለዋወጥ ነበር። ጠገራ ብር ግን ብረት በመሆኑ የተሻለ ጸንቶ ይቆያል። ክብደቱ 28.0668 ግራም ነው፤ ከሺህ እጅ 833 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በየትኛውም ዓመት ቢታተም በላዩ የሚነበበው ዓመት 1780 ነው።

ነጋዴው ይህን ብር ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። ወደ ብርሃን አዙሮ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ መርፌ ይመለከታል፤ በጌጡ ዙሪያ ያሉት ዘጠኝ ነጥቦች ተለይተው ካልተቈጠሩለት ብሩን ይመልሰዋል። ነጥቦቹ የደበዘዙበት ብር ወይ ያረጀና የቀለለ፥ ወይም በሐሰት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ይህም ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጠገራ ብር ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሚዛን ድንጋይም ነበርና። ወቄት የሚባለው ክብደት የአንድ ብር ክብደት ነበር። በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ብር በማርጀት ወደ 27.5 ግራም ቢወርድ፥ በእርሱ የተመዘነ ዕቃ ሁሉ ከመቶ 2 ይጐድላል። ጉድለቱን ሚዛኑ አይናገርም፤ ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ ገዢው ይጐዳል።

እንግዲህ በዚያ ገበያ የዛሬው ሥነ ልክ የሚጠይቃቸው ሦስት ነገሮች ሁሉ ነበሩ። መሣሪያው የነጋዴው ዓይን ነው፤ ማመሳከሪያው ነጥቦቹ ያልደበዘዙበት ደኅና ብር ነው፤ ሁኔታው ደግሞ የቀን ብርሃን ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል፥ ማለት ዓይኑ ቢፈዝ፥ ደኅና ብር ያላየ ሰው ቢሆን፥ ወይም ጊዜው ቢመሽ፥ ምርመራው ዋጋ አይኖረውም። ዛሬ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም።

2ኛ፤ ብርሃን ራሱ የሜትር መሠረት ስለ መሆኑ

ሜትር በመጀመሪያ በብረት ላይ የተመሠረተ ልክ ነበረ። በ1875 ብዙ መንግሥታት በፓሪስ የሜትር ስምምነት የሚባለውን ውል ከተፈራረሙ በኋላ፥ በ1889 ከፕላቲንና ከኢሪዲየም የተሠራ ዘንግ የዓለም ሜትር ሆኖ ተወሰነ። ነገር ግን ብረት ይሞቃል፥ ይበርዳል፥ ሊቧጨርም ይችላል፤ ቢጠፋም የሚተካው በቅጂው ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ሊቅ አልበርት ማይክልሰን በ1892ና በ1893 በፓሪስ አጠገብ ባለችው በሴቭር ሜትሩን በካድሚየም ቀይ ብርሃን ለካው፤ በአንድ ሜትር ውስጥም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የብርሃን ሞገዶች እንደሚገኙ ተገነዘበ። በ1960 የዓለም የሥነ ልክ ጉባኤ የብረቱን ዘንግ ትቶ፥ ሜትር ማለት የክሪፕቶን 86 ብርሃን 1,650,763.73 ሞገድ ነው ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ሌዘር ተሠራ። በ1983 ደግሞ ሜትር ብርሃን ባዶ በሆነ ሥፍራ በ1/299,792,458 ሰኮንድ ውስጥ የሚሄደው ርቀት ሆነ። የሌዘርን ብርሃን ድግግሞሽ እጅግ በጠበቀ ሁኔታ ለመለካት የሚያስችለውን ዘዴ ያሳደጉት ጆን ሆልና ቴዎዶር ሄንሽ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ኢትዮጵያም በ1963 በአዋጅ ቁጥር 208 የሜትርን ሥርዓት ሕጋዊ ልክ አድርጋለች።

ብርሃን እንዴት ይለካል ቢሉ፥ መንገዱ እንዲህ ነው። የሌዘር ጨረር በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደማይንቀሳቀስ መስታወት፥ ሌላው ወደሚንቀሳቀስ መስታወት ይሄዳል። ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ ሞገዶቻቸው አንድ ላይ ከወጡ ብርሃን፥ ከተቃረኑ ጨለማ ይታያል። የሚንቀሳቀሰው መስታወት የሞገዱን ግማሽ ያህል በተጓዘ ቁጥር አንድ ብርሃንና አንድ ጨለማ ያልፋል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ቀይ የሂሊየምና የኒዮን ሌዘር ሞገዱ 632.8 ናኖሜትር ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ቈጠራ 316.4 ናኖሜትር ነው። ይህም የሰው ጠጉር ውፍረት ሁለት መቶኛ እጅ ያህል ነው። መሣሪያው ብርሃንና ጨለማውን በመቍጠር ርቀቱን ያውቃል፤ ሥራው ቈጠራ እንጂ ግምት አይደለም።

3ኛ፤ ማመሳከር ምን ማለት ነው

ካሊብሬሽን የሚባለው፥ በአማርኛ ማመሳከር፥ አንድ መሣሪያ የሚያሳየውን ቁጥር ከእርሱ የበለጠ ከታመነ ልክ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን በጽሑፍ ማስፈር ነው። ይህን ከማስተካከል መለየት ያስፈልጋል። ማስተካከል መሣሪያውን ማደስ ወይም ቁጥሩን ማቅናት ሲሆን፥ ማመሳከር ግን ስሕተቱን ማወቅ ነው። 3 ግራም አጉድሎ የሚመዝን ሚዛን ስሕተቱ በውል ከታወቀ ሊሠራበት ይችላል፤ ስሕተቱ ያልታወቀ ሚዛን ግን አዲስም ቢሆን አያስተማምንም።

ማመሳከር እንደ ሰንሰለት ነው። በላይኛው ጫፍ ሌዘሩ አለ፤ በሌዘሩ የልክ ብረቶች፥ ማለት ጌጅ ብሎክ የሚባሉት፥ ይመረመራሉ፤ በልክ ብረቶቹ ካሊፐርና ማይክሮሜትር ይመረመራሉ፤ በእነዚህም የፋብሪካው ዕቃ ይለካል። ከላይ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የጥርጣሬው ወሰን እየሰፋ ይሄዳል። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ዘመድ የሌለው ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ቀድሞ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን የነበረው መሥሪያ ቤት በ2011 ለአራት ተከፍሏል። ከአራቱ አንዱ የልክን ሥራ ተረከበ፤ እርሱም ዛሬ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ደረጃን የማውጣት፥ ምርትን የመመርመርና መርማሪዎቹን ራሳቸውን መዝኖ ዕውቅና የመስጠት ሥራ ተከፋፍለዋል። ይህ አከፋፈል ለነጋዴው ጠቃሚ ነው፤ ደረጃ የሚያወጣው፥ የሚመረምረውና የመርማሪውን ችሎታ የሚመሰክረው አንድ እጅ ቢሆን ኖሮ፥ የውጭ አገር ገዢ ምስክርነቱን ለመቀበል ያመነታ ነበርና።

4ኛ፤ ሙቀትና ከፍታ በልክ ላይ ያላቸው ኃይል

የርዝመት ልክ ሁሉ የሚነገረው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንዳለ ተቈጥሮ ነው። ይህ በ1931 የተደረሰ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት በየሜትሩ 11.5 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝማል። በሸዋ ሮቢት ቀትር፥ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲሆን፥ 30 ሜትር የሆነ የብረት ሜትር ከ5 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ጨርቅ ለሚሸጥ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ የመኪና መለዋወጫ ለሚያስመጣና ውስጠኛውን ቀለበት ከውጭኛው ለሚያስማማ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ መለዋወጫው ከፀሐይ ወጥቶ ወዲያው አይለካም፤ በጥላ ተቀምጦ ከመሣሪያው ጋር በሙቀት እኩል እስኪሆን መቆየት አለበት።

ከፍታም የራሱ ኃይል አለው። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ሞገዱ ባዶ በሆነ ሥፍራ ከሚኖረው በጥቂት ያጥራል፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ማጠሩ ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ አየር ልክ የተዘጋጀ የሌዘር ርዝመት መለኪያ፥ የአየሩ ግፊት ሳይነገረው በአዲስ አበባ ቢሠራ፥ በየሜትሩ 60 ማይክሮሜትር ገደማ ይሳሳታል። እንግዲህ እጅግ ረቂቅ የሆነው መሣሪያ እንኳ የቆመበትን አገር ካላወቀ ይስታል። አስመጪው እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲያዝ የአየር ግፊትና የሙቀት ማረሚያ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

5ኛ፤ ማርና ሪፍራክቶሜትር

ማር ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከሚላኩት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ አገሪቱ በ2008 ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ገብታለች። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እርጥበት ከመቶ 20 ድረስ ነው። ከዚህ ካለፈ ማሩ ሊቦካ ስለሚችል ገዢው ይመልሰዋል። ስለዚህ አንድ ከመቶ የሚሆን ልዩነት አንድ በርሜል እንዲሸጥ ወይም እንዲመለስ ያደርጋል።

ሪፍራክቶሜትር የሚሠራው ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲያልፍ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ ነው። በውሃ ውስጥ የቆመ በትር የተሰበረ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ማሩ በወፈረ፥ ማለት ውሃው ባነሰ ቁጥር፥ ብርሃኑ አብልጦ ይሰበራል። መሣሪያው ይህን በስብረት ቁጥር ያስቀምጠዋል። በ20 ዲግሪ ሲነበብ፥ 1.4915 ማለት ከመቶ 18፥ 1.4890 ማለት ከመቶ 19፥ 1.4865 ማለት ከመቶ 20፥ 1.4840 ማለት ከመቶ 21 እርጥበት ነው።

ነገር ግን ማር ሲሞቅ የስብረት ቁጥሩ ይቀንሳል። ከ20 ዲግሪ በላይ ለሆነው እያንዳንዱ ዲግሪ 0.00023 በንባቡ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። ምሳሌ ይቅረብ። አንድ ላኪ በይፋት ቆላ በ30 ዲግሪ ሙቀት ማር መርምሮ 1.4850 አነበበ እንበል። ሙቀቱን ቸል ቢል፥ ማሩ ከመቶ 20.6 እርጥበት አለው ብሎ ይመልሰዋል፤ ወይም ዋጋውን ይሰብራል። ሙቀቱን ቢያስብ ግን 10 ዲግሪ በ0.00023 ተባዝቶ 0.0023 ይሆናል፤ በንባቡ ላይ ሲጨመር 1.4873 ይመጣል፤ ይህም ከመቶ 19.7 ገደማ ነው። ማሩ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። በዚህ ስሕተት ባለማሩ ገበሬ ያለ ጥፋቱ ይጐዳል፥ ላኪውም ደኅና ዕቃ ያመልጠዋል። በብርዳማ ደጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ20 ዲግሪ በታች የተነበበ ማር ከእውነቱ ይልቅ ደረቅ መስሎ ይታያል፤ እንዲህ ተገዝቶ የተላከም ወደቡ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ሙቀትን በራሳቸው የሚያርሙ የእጅ ሪፍራክቶሜትሮች አሉ። ይሁን እንጂ የአብዛኞቹ ማረሚያ የሚያገለግለው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ብቻ ነው፤ የይፋት ቀትር ከዚህ ወሰን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ ወይም በቀዝቃዛ ክፍል መለካት የተሻለ ነው። ጠብታው ከተቀባ በኋላም ከመስታወቱ ጋር በሙቀት እንዲተካከል ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። የረጋ ማር ድንበሩን አደብዝዞ ስለሚያሳይ አስቀድሞ በቀስታ መቅለጥና መቀዝቀዝ አለበት።

ይህን መሣሪያ ማመሳከር ከባድ አይደለም። ሰፊ ልክ ያለው የጠረጴዛ ሪፍራክቶሜትር በተጣራ ውሃ ይመረመራል፤ በ20 ዲግሪ 1.3330 ማሳየት አለበት። ለማር ብቻ የተሠራው የእጅ መሣሪያ ግን ልኩ ከፍ ካለ ቁጥር ስለሚጀምር ውሃን አያነብም፤ ስለዚህ አብሮት በሚሸጠው የማመሳከሪያ ዘይትና መስታወት ይመረመራል። ውሃ አድርጎ ምንም ስላላየ መሣሪያው ተበላሸ ብሎ የሚጥል፥ ወይም ሳያመሳክር ዓመት ሙሉ የሚሠራ፥ ሁለቱም ያጠፋሉ።

6ኛ፤ ማሾ፥ እርጥበትና ቀለም

በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ባለው የይፋት ቆላ ከሚበቅሉት የገበያ እህሎች አንዱ ማሾ ነው። ማሾ በ2014 በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት ዕቃዎች ተቈጥሯል። በዚህ እህል ላይ ሁለት የብርሃን ልኮች ዋጋ ይወስናሉ፤ እርጥበቱና ቀለሙ።

ፈጣኑ የእርጥበት መሣሪያ የሚሠራው ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ውሃ በ1,450ና በ1,940 ናኖሜትር አጠገብ ያለውን ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፤ መሣሪያው ምን ያህል እንደ ተዋጠ አይቶ እርጥበቱን ያሰላል። ስሌቱ ግን ከሰማይ አልወረደም። የመሣሪያው ሠሪ አስቀድሞ የብዙ ናሙናዎችን እርጥበት በምድጃ አድርቆና መዝኖ ካወቀ በኋላ፥ ብርሃኑን ከዚያ ጋር አስማምቶ ያወጣው ነው። ስለዚህ ለስንዴ የተዘጋጀ ስሌት ለማሾ አይሆንም፤ ለደረቅ እህል የተዘጋጀውም ለእርጥብ አይሆንም። ነጋዴው መሣሪያውን ሲገዛ የማሾ ስሌት በውስጡ መኖሩን መጠየቅ፥ ከገዛም በኋላ በየወቅቱ ጥቂት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ልኮ በምድጃ ከደረቀው ውጤት ጋር ማስተያየት አለበት።

ስሕተቱ በገንዘብ ሲተረጐም ምን ያህል እንደ ሆነ ማየት ይጠቅማል። መሣሪያው ከመቶ 12 ሲያሳይ እውነተኛው እርጥበት ከመቶ 13 ቢሆን፥ 100 ኩንታል የገዛ ሰው በእጁ ያለው ደረቅ ነገር 87 ኩንታል ነው። ይህ እህል ከመቶ 12 ወደሆነ እርጥበት ሲደርቅ 98.86 ኩንታል ይመዝናል። ገዢው 1.14 ኩንታል ውሃ በማሾ ዋጋ ገዛ ማለት ነው። መሣሪያው በተቃራኒው ከተሳሳተ ደግሞ በዚያው ልክ የሚጐዳው ሻጩ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ መሣሪያ ለገዢውም ለሻጩም ጋሻ ነው።

ከለር ሶርተር የሚባለው መኪና ፍሬውን በቀጭን መንሸራተቻ እያወረደ በካሜራ ያያል፤ ቀለሙ የተለየ ፍሬ ሲያልፍ የታመቀ አየር በቅጽበት ተኩሶ ያስወጣዋል። ይህም መኪና በሥራው የአሊዩ አምባውን ብር መርማሪ ይመስላል፤ ደኅናው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ካልታየው መጥፎውን አያውቅም። መብራቱ ሲያረጅ ቀለሙ ይለወጣል፤ አቧራ መስታወቱን ሲሸፍን ደኅናው ፍሬ የጠቈረ ይመስለዋል። ስለዚህ መስታወቱ በየቀኑ መጠረግ፥ ነጩ የማመሳከሪያ ሰሌዳም ንጹሕ መሆን ይገባዋል። ቀላል ፈተና አለ፤ ተቈጥረው የተለዩ 100 የተበላሹ ፍሬዎችን ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ በመኪናው ማሳለፍና ስንቱ እንደ ወጣ መቍጠር። ዛሬ 98 ወጥቶ ከሳምንት በኋላ 85 ቢወጣ፥ ገዢው በአውሮፓ ወይም በእስያ ሳይናገር መኪናው ራሱ ተናገረ ማለት ነው። አብረው የወጡትንም ደኅና ፍሬዎች መቍጠር አይዘንጋ፤ መኪናው ያለ አግባብ የሚጥለው እህል ኪሳራ ነውና።

7ኛ፤ ለባለ ሱቅ የሚሆን ማስጠንቀቂያ

ሥጋ፥ ወተት ወይም መድኃኒት የሚሸጥ ባለ ሱቅ ሳይነካ ሙቀትን የሚያነበውን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይጠቀማል። በዚህ መሣሪያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፥ ቀዩ የሌዘር ነጥብ የሚለካ ስለሚመስለው ነው። ነጥቡ አቅጣጫ ከማሳየት በቀር ሥራ የለውም፤ የሚለካው ከዕቃው ራሱ የሚወጣው የማይታይ ብርሃን ነው። የሚያበራ ቆርቆሮና አልሙኒየም ከራሳቸው ጥቂት ብርሃን አውጥተው የጐረቤታቸውን ስለሚያንጸባርቁ፥ መሣሪያው የእነርሱን ሳይሆን በዙሪያቸው ያለውን ሙቀት ያነባል። በቆርቆሮው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ፥ ሙቀቱ እስኪተካከል ጠብቆ፥ ፕላስተሩን ማንበብ ይሻላል። በሩቅ ሆኖ ማንበብም ስሕተት ያመጣል፤ መሣሪያው በራቀ ቁጥር የሚያየው ሥፍራ ይሰፋልና።

ይህን ቴርሞሜትር ለመመርመር በደንብ የተፈጨ በረዶ ከንጹሕ ውሃ ጋር ተደባልቆ ቢነበብ ዜሮ ዲግሪ አጠገብ ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ መመርመር ግን በደጋ አገር ያሳስታል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በፋብሪካው መመሪያ ላይ ያለውን 100 አምኖ መሣሪያውን የሚያስተካክል ሰው ደኅናውን ያበላሻል።

8ኛ፤ የምስክር ወረቀቱን ስለ ማንበብ

መሣሪያው ተመሳክሯል የሚል ተለጣፊ ብቻውን አይበቃም። እውነተኛው የማመሳከሪያ ወረቀት የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፥ ሥራው የተሠራበትን ቀን፥ በዚያን ጊዜ የነበረውን ሙቀት፥ ለማስተያየት ያገለገለውን ማመሳከሪያ፥ የተገኘውን ልዩነትና የጥርጣሬውን ወሰን ይዘረዝራል። ላቦራቶሪውም አይኤስኦ 17025 በሚባለው ደረጃ ዕውቅና ያለው ቢሆን ይመረጣል። የጥርጣሬው ወሰን ያልተጻፈበት ወረቀት ግማሽ ምስክር ነው። መሣሪያው 20.0 ብሎ ወሰኑ አንድ ከሆነ፥ እውነቱ 19 ወይም 21 ሊሆን ስለሚችል፥ በ20 ላይ የተመሠረተ ውል በእርሱ አይታሰርም።

ሻጩና ገዢው በሁለት መሣሪያ ለክተው ሁለት ቁጥር ቢያወጡ፥ ወዲያው መከሰሱ ጥቅም የለውም። ናሙናው በእማኝ ፊት ተከፍሎና ታሽጎ፥ አንዱ እጅ ለሦስተኛ ወገን ላቦራቶሪ መላክ አለበት። ይህም በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ቢጻፍ፥ ማለት በየትኛው ዘዴ፥ በስንት ዲግሪና በማን መሣሪያ እንደሚወሰን ቢነገር፥ ብዙ ክርክር ሳይጀመር ያልቃል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ስለ ሰው የተነገረ ቢሆንም ለመሣሪያም ይሠራል። ነጋዴው በማናቸውም የብርሃን መለኪያ ፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ከምን ጋር ተመሳክሯል? መቼ ተመሳክሯል? ዛሬ የሚሠራበት ሙቀትና ከፍታ እንዲሁም የሚለካው ዕቃ ከተመሳከረበት ጋር ይስማማል? ለሦስቱም መልስ ያለው ቁጥር በውል ላይ ሊጻፍ ይችላል። መልስ የሌለው ቁጥር ግን ነጥቦቹ እንደ ደበዘዙበት ጠገራ ብር ሳይቀበሉት መመለስ ነው።

መልመጃ

1. አንድ የማር ናሙና በ26 ዲግሪ ሙቀት 1.4876 ተነበበ። ሙቀቱ ሲታረም ንባቡ ስንት ይሆናል? እርጥበቱስ ከመቶ 20 ያልፋል?
2. የእርጥበት መሣሪያ ከመቶ 12 ሲያሳይ እውነቱ ከመቶ 14 ነው። 100 ኩንታል ማሾ የገዛ ሰው ስንት ኩንታል ውሃ በማሾ ዋጋ ገዛ?
3. ስሕተቱ የታወቀ አሮጌ ሚዛን ስሕተቱ ካልታወቀ አዲስ ሚዛን የሚመረጠው ስለ ምንድን ነው?

መልስ

1. 6 ዲግሪ በ0.00023 ሲባዛ 0.00138 ነው፤ በንባቡ ላይ ሲጨመር 1.4890 ገደማ ይሆናል። እርጥበቱም ከመቶ 19 ያህል ስለ ሆነ ወሰኑን አያልፍም።
2. ደረቁ ነገር 86 ኩንታል ነው፤ ከመቶ 12 ወደሆነ እርጥበት ሲደርቅ 97.73 ኩንታል ይመዝናል፤ ስለዚህ ውሃው 2.27 ኩንታል ነው።
3. የታወቀ ስሕተት በሂሳብ ይታረማል፤ ያልታወቀ ስሕተት ግን በሻጩ ወይም በገዢው ላይ ሳይታይ ይወድቃል።